ከወለሉ ሥር ምን አለ? አራት ሚኒቫን ሞክረን አንዱን የመረጥንበት መንገድ

ሚኒቫን አልገዛም ብዬ የማልኩት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ሐሳቡን ያነሳችው ሁለተኛው ልጃችን ገና እንደተወለደ ነው። እኔ ግን "ይሄማ የጡረተኛ መኪና ነው" አልኩና ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው ትልቅ ኤስዩቪ ገዛን። መልኩ ያምራል፤ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል። አራት ዓመት ነዳነው። ሦስተኛው ልጅ ሲመጣና እናቴ አብራን መኖር ስትጀምር ግን ጉዳችን ፈላ።

የመካከለኛው ረድፍ ላይ ሁለት የሕፃን ወንበር ታስሯል። ወደ ሦስተኛው ረድፍ ለመግባት ከመካከለኛው ወንበር አንዱ መታጠፍ አለበት። የሕፃን ወንበር የታሰረበት ወንበር ደግሞ አይታጠፍም። ስለዚህ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ በየቀኑ በኋላው በር፣ በዕቃ መጫኛው በኩል፣ በጉልበቷ እየዳኸች ነበር የምትገባው። እሷ እንደ ጨዋታ ቆጥራው ነበር። እኔ ግን አደጋ ቢደርስ በየት በኩል እንደምትወጣ ሳስብ ሆዴ ይላወስ ነበር።

የወሰንኩበት ቀን ግን ሌላ ነው። ዝናብ እየዘነበ ነበር። ጠባብ ቦታ ላይ አቁሜ ተመልሰን ስንመጣ ጎናችን ሌላ መኪና ቆሟል። በሩ የሚከፈተው ስንዝር ያህል ብቻ ነው። እናቴ ጉልበቷን ታማለች፤ በዚያ ቀዳዳ ሾልካ ያን ከፍታ መውጣት አትችልም። መኪናውን ወደ መንገዱ እስካወጣው ድረስ ጃንጥላ ይዛ ቆመች። ከዚያም የበሩን እጀታ ይዛ፣ እኔ ከኋላ ደግፌያት፣ በመከራ ወጣች። ከተቀመጠች በኋላ "ልጄ፣ ከዚህ በኋላ እኔን ተወኝ፤ በታክሲ እመጣለሁ" አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ሚኒቫን ፍለጋ የጀመርነው በዚያው ሳምንት ነው። የምነግራችሁ እኛ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያየነውን ነው። ያነጻጸርናቸው በሰሜን አሜሪካ ገበያ የሚፎካከሩትን አራቱን ነው፤ ቶዮታ ሲዬና፣ ሆንዳ ኦዲሲ፣ ክራይስለር ፓሲፊካ እና ኪያ ካርኒቫል። እናንተ ጋ ያሉት ሌሎች ቢሆኑም መመልከቻው ዘዴ ያው ነው።

ሚኒቫን ከኤስዩቪ የሚለይበት ነገር ሦስት ነው፤ ሦስቱም ለፎቶ አይመቹም። አንደኛው ተንሸራታች በሩ ነው። ጎናችሁ የቆመው መኪና የቱንም ያህል ቢጠጋ በሩ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ሁለተኛው ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ሰተት ብሎ ይገባበታል እንጂ ወደ ላይ አይንጠላጠልም። ሦስተኛው ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ ያለው ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ወንበሩ ሲታጠፍ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል፤ ወንበሩ ተነስቶ ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ ጉድጓዱ የሻንጣ ቦታ ይሆናል። በኤስዩቪያችን ሰባት ሰው ከጫንን ለሻንጣ የሚተርፈው አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ነበር።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ይህን ዓይነት መኪና በአሜሪካ ያስፋፉት እ.ኤ.አ. በ1984 ሞዴልነት የወጡት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ዶጅ ካራቫንና ፕሊመዝ ቮየጀር ናቸው። አውሮፓም በዚያው ዓመት ሬኖ ኤስፓስን አየች። ያኔ በአሜሪካኖቹ ላይ ተንሸራታቹ በር በአንድ በኩል ብቻ ነበር። ክራይስለር በሾፌሩ በኩልም በር የጨመረው በ1996 ሞዴሎቹ ነው። አሁን ሁለት በር የሌለው ሚኒቫን ማሰብ ራሱ ይከብዳል።

ወደ ፍለጋችን ልመለስ። ወደ መሸጫዎቹ የሄድነው ቤቱን ሙሉ ይዘን ነው። ሁለቱ የሕፃን ወንበሮች፣ ታጣፊው የሕፃን ጋሪ፣ እናቴ ከነምርኩዟ፣ እና ባለቤቴ የያዘችው የሜትር መለኪያ። አንዱ ሻጭ ይህን ሁሉ ጓዝ ሲያይ ፈገግ ብሎ "ቁጥሩ እኮ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ይሄን ሁሉ ምን አደከማችሁ?" አለን። ቁጥሩስ ወረቀቱ ላይ አለ። የእናቴ ጉልበት ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ግልጽ ሆነልኝ። የሚኒቫን ጸብ ሁሉ ከወለሉ ሥር ባለው ቦታ ላይ ነው። የሚታጠፈው ወንበር መግቢያ ይፈልገዋል። ባትሪው ይፈልገዋል። ሞተሩን ከኋላ ጎማ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ይፈልገዋል። ስኮርታ ጎማውም ይፈልገዋል። ቦታው አንድ ነው፤ ፈላጊው ብዙ ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ከልክሏል። "ይሄ ለምን የለውም?" ብላችሁ በጠየቃችሁ ቁጥር መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ሥር ነው።

ፓሲፊካን እንውሰድ። የቤንዚኑ ፓሲፊካ ቦታውን የሰጠው ለወንበሩ ነው። "ስቶው ኤን ጎ" የሚሉት አሠራር በ2005 ሞዴል የክራይስለርና የዶጅ ሚኒቫኖች የጀመረ ነው። የፊቱን ወንበር ትንሽ ወደፊት ትገፋላችሁ፣ የወለሉን ክዳን ትከፍታላችሁ፣ ማሰሪያውን ስትስቡ የመካከለኛው ወንበር ተጣጥፎ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ክዳኑን ስትመልሱት ወለሉ ሜዳ ይሆናል። ልጄ አንድ ጊዜ አይታ ራሷ አደረገችው፤ ከዚያም አላቆም አለች፤ ሻጩ ሲሰለቸው አየሁት። የሚወርድ፣ ቤት የሚቀር ወንበር የለም። ሄዳችሁ መንገድ ላይ ሰፊ ዕቃ ብታገኙ እዚያው አጥፋችሁ ትጭናላችሁ። ሌሎቹ ሦስቱ ይህን አይችሉም።

ዋጋው ምንድን ነው? ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ወንበር ስስ መሆን አለበት። እናቴ ተቀመጠችበት፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አለችና "ይሄ ለአጭር መንገድ ነው" ብላ ፈረደች። እኔም ተቀምጬ አየሁት፤ ለልጅ ምንም አይልም፣ ለትልቅ ሰው ግን ከሌሎቹ ወንበሮች ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፓሲፊካ በኤሌክትሪክ የሚሞላ ሃይብሪድ፣ ማለትም ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራ፣ ስሪትም ነበረው። 16 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አለው፤ ቤንዚን ሳይነካ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ባትሪው የት ተቀመጠ? ወንበሩ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ! ስለዚህ በሃይብሪዱ የመካከለኛው ወንበር ወለል ውስጥ አይገባም፤ ተነስቶ ይወጣል እንጂ። በዚያው ምክንያት ወንበሩ ወፈር ያለና የሚመች ነው። ስሙ አንድ፣ መኪናው ሁለት። ቤታቸው ደጃፍ ላይ መሙያ ላላቸውና የቀን መንገዳቸው አጭር ለሆነ ግሩም ነው። እኛ መኪናችንን የምናቆመው መንገድ ዳር ስለሆነ ገመድ የምንሰካበት የለንም፤ ወዲያው ተውነው።

የዘንጉ ታሪክ ደግሞ ይገርማል። ክራይስለር በ2005 ወንበሩን ወለል ውስጥ ሲያስገባ በአራቱም ጎማ የሚነዳውን ስሪት አቆመው፤ ዘንጉ የሚያልፍበት ቦታ ጠፋ። ሁለቱን በፓሲፊካ አንድ ላይ ለማስቀመጥ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ፈጀበት። ወለል ወለል የምለው ለዚህ ነው።

ኦዲሲ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። መካከለኛው ረድፍ ላይ ትንሿን የመሃል ወንበር ስታወጡ ሁለቱ የዳር ወንበሮች ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። ሁለቱን ወደ አንድ በኩል ሰብስባችሁ በሌላው በኩል ወደ ኋላ የሚወስድ ሰፊ መተላለፊያ መክፈት ትችላላችሁ። ወይም አንዱን ወደ ግራ ሌላውን ወደ ቀኝ አርቃችሁ ጠብ ማብረድ። የወንድማማች ጠብ ያለበት ቤት ይህን ያውቀዋል፤ እጅ ለእጅ የማይደራረሱ ልጆች ጸጥ ያሉ ልጆች ናቸው። ባለቤቴ ልቧ የቀረው እዚህ ላይ ነው፤ እስከ ዛሬም ታነሳዋለች።

ሦስተኛው ረድፍ አስተጣጠፉም ቀላል ነው። ሕፃን በአንድ ክንድ ታቅፌ በሌላው እጄ ማሰሪያውን ስቤ አጠፍኩት። የመካከለኛውን ወንበር አውጥቼ ለማየት ስሞክር ግን ሌላ ነገር አየሁ። አንዱ ወንበር ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። ብቻዬን አነሳሁት፤ ወገቤ ግን ለሁለት ቀን አስታወሰኝ። ከዚያም ጥያቄው "የት ላስቀምጠው?" ነው። ጋራዥ የሌለው ሰው ሳሎን ውስጥ የመኪና ወንበር ሊያስቀምጥ ነው። ወንበሩ ወጥቶ ቤት የሚቀር ከሆነ፣ ዛሬ ምን እንደምትጭኑ ከቤት ሳትወጡ ማወቅ አለባችሁ።

ስለ ኦዲሲ ሁለት ነገር ልጨምር። 3.5 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ 280 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከሞከርናቸው ሁሉ ሲነዳ ደስ የሚለው እሱ ነበር። የሚነዳው ግን በፊት ጎማ ብቻ ነው። ሞተሩ ደግሞ የሚጠቀመው የታይሚንግ ቺንጋ ነው፤ የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እኩል የሚያዞር የጎማ ቀበቶ ማለት ነው። የሌሎቹ ሦስቱ በካቴና ነው የሚሠራው። ቺንጋ 160,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ መቀየር አለበት። ያገለገለ ኦዲሲ የምታዩ ከሆነ "ቺንጋው ተቀይሯል?" ብላችሁ ማስረጃውን ጠይቁ። በቃል "አዎ" ማለት ማስረጃ አይደለም።

ካርኒቫል ለእኔ ዓይነቱ በመልክ ለሚታለል ሰው የተሠራ ነው። ፊቱ ኤስዩቪ ይመስላል። ከመልኩ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን የኋላው ቦታ ነው። ሦስቱም ረድፍ ተነስቶ ከኋላ 1,138 ሊትር ገደማ ይተርፋል፤ ሲዬና 949፣ ፓሲፊካ 915 ገደማ ነው ያላቸው። የሊትር ቁጥር ብዙ አይነግርም። ጋሪያችንን ስናስገባው ግን ልዩነቱ ታየ፤ ካርኒቫል ውስጥ ከጎኑ ሁለት ሻንጣ ቆመ። ስምንት ሰው ሞልቶ ሻንጣም ለሚጭን ቤተሰብ ይሄ ነው መኪናው።

ውድ በሆነው ስሪቱ ላይ የእግር መደገፊያ ያለው፣ እንደ አልጋ የሚዘረጋ ወንበር አለ። እናቴ ስትተኛበት ሁላችንም ሳቅን። ነገር ግን ያ ወንበር አይወጣም፤ ተራው ወንበር ግን ይወጣል። ድሎት ስትገዙ ቦታ ትሸጣላችሁ ማለት ነው። ካርኒቫልም በአራቱም ጎማ የሚነዳ ስሪት የለውም። ከ2025 ሞዴል ጀምሮ 1.6 ሊትር ቱርቦ ያለው ሃይብሪድ ስለመጣለት ግን የነዳጅ ነገሩ በእጅጉ ተሻሽሏል፤ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከሱ በፊት የነበረው ባለ ስድስት ሲሊንደር በሊትር ዘጠኝ ከግማሽ አይሞላም፤ ኦዲሲና የቤንዚኑ ፓሲፊካም እዚያው ናቸው።

ሲዬና ከ2021 ሞዴል ወዲህ ሃይብሪድ ብቻ ነው። ሌላ ምርጫ የለም። 2.5 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተሮች ተደምረው 245 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። የፊት ጎማ ስሪቱ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ባትሪው ትንሽ ነው፤ ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው የተቀመጠው። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ስሪት ዘንግ የለውም፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚገፋው ለብቻው ከኋላ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ብልህ አሠራር ነው። ያ ሞተር ግን የማንን ቦታ ወሰደ? የስኮርታውን።

በዚህ መኪና ማወቅ ያለባችሁ ትልቁ ነገር የመካከለኛው ወንበር አለመውጣቱ ነው። የጎን ኤርባግ ወንበሩ ላይ ስለተገጠመ ባለቤቱ አያወጣውም። በምትኩ ረጅም ሐዲድ ተሰጥቶታል። የሰባት ሰዉ ስሪት ላይ ወንበሩ 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ወደፊት አስጠግቶ ማጠፍ ይቻላል፤ እዚያው ግን ይቆማል። በቁጥር ላስቀምጠው። ወንበር ሁሉ ታጥፎና ወጥቶ ካርኒቫል እስከ 4,110 ሊትር፣ ፓሲፊካ እስከ 3,980 ሊትር ገደማ ይጭናሉ። ሲዬና 2,860 አካባቢ ላይ ይቆማል። ሌላው ድምፁ ነው። ዳገት ላይ ተጭናችሁ ስትነዱ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ እዚያው ላይ ይቆያል፤ ማርሽ እንደሚቀይር መኪና ወጣ ገባ አይልም። እኔ በሳምንት ለመድኩት። የማይለምደውም አለ፤ ዳገት ፈልጋችሁ ሞክሩት።

የወንበር ብዛትን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከሻጭ አፍ አትሰሙትም። ስምንተኛው ወንበር በነፃ አይመጣም። መካከለኛው ረድፍ ላይ የመሃል ወንበር ሲጨመር ወደ ኋላ የሚወስደው መተላለፊያ ይዘጋል። ሰባት ሰው በሚይዘው ግን ሁለቱ ወንበሮች መሃል ክፍት ነው፤ ልጅ ቦርሳውን እንዳዘለ ሰተት ብሎ ወደ ኋላ ያልፋል፤ የታሰረ የሕፃን ወንበር መፍታት የለም። ስምንት ሰው የምንጭነው በዓመት ስንቴ ነው? ቆጠርነው፤ ሦስቴ። ልጄ ወደ ኋላ የምትገባው ግን በቀን ሁለቴ ነው። ሰባቱን መረጥን።

የሕፃን ወንበሩን ራሳችሁ እሰሩት። ሻጩ ይሰርላችሁ አትበሉ። የማሰሪያው ብረት ጨርቁ ውስጥ ተቀብሮ ጣት የሚልጥበት አለ፤ ወዲያው የሚገባም አለ። ወደ ኋላ ዞሮ የሚታሰረውን የጨቅላ ወንበር ካሰራችሁ በኋላ ሁለታችሁም ከፊት ተቀመጡ። ባለቤቴ ቁመቷ አጭር ነው፤ ምንም አልተሰማትም። እኔ ግን አንዱ መኪና ላይ ጉልበቴ ዳሽቦርዱን ነካ። ከዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስንት ማሰሪያ እንዳለና የላይኛው ቀበቶ መንጠቆ የት እንደሆነ እዩ። ሦስት ልጅ ያለው ሰው አንዱን ኋላ ማሰሩ አይቀርም።

ደህንነት ላይ ሳላነሳ የማላልፈው ነገር አለ። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት የመድን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 እነዚህን አራት መኪናዎች በአዲስ መልክ ፈትኗቸው ነበር። ፈተናው ከሾፌሩ ጀርባ፣ ቀበቶ አስራ የተቀመጠች ትንሽ ሰው ምን እንደሚደርስባት ነው የሚያየው። ከአራቱ አንዱም "ጥሩ" አላገኘም። ፓሲፊካ፣ ካርኒቫልና ሲዬና ከታች ሁለተኛውን ደረጃ፣ ኦዲሲ የመጨረሻውን አገኙ። የቤተሰብ መኪና ተብሎ የኋላ ወንበሩ ከፊቱ ማነሱ አናዶኛል። ይህ ማለት ግን ሕፃናትን ወደፊት አምጡ ማለት አይደለም፤ ለልጅ አሁንም ከኋላ የተሻለ ቦታ የለም። ጉዳዩ ይበልጥ የሚመለከተው የሕፃን ወንበር ትታ በመኪናው ቀበቶ የምትታሰረውን ትልቋን ልጅ ነው። ፋብሪካዎች በየዓመቱ ያሻሽላሉና የምትገዙትን ሞዴል ዓመት ውጤት ለይታችሁ እዩ።

አሁን ወደ ስኮርታው። ከመግዛታችን በፊት አንዱን ሚኒቫን ለቅዳሜና እሑድ ተከራየነው። የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ ጥፋቱም በአብዛኛው የእኔ ነው። 600 ኪሎ ሜትር ያህል የደርሶ መልስ ጉዞ ነበር። ስንመለስ፣ መሽቷል፣ የኋላ ቀኝ ጎማ ፈነዳ። መንገድ ዳር አቆምኩ። ሻንጣውን ሁሉ አውርጄ የኋላውን ወለል ገለጥኩ። ክሪክ የለም። ስኮርታ የለም። ያለው በፕላስቲክ የታሸገ ትንሽ አየር መሙያና አንድ ጠርሙስ ሙጫ መሰል ፈሳሽ ነው። በስልኬ መብራት መመሪያውን አነበብኩት። ፈሳሹ የሚደፍነው መሬት በሚነካው የጎማው ክፍል ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ሚስማር የወጋው ዓይነት። የእኛ የተቀደደው ጎኑ ላይ ነው፣ ጣት ያስገባል። ጫኝ መኪና እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ልጆቹ ተኙ። እናቴ ብቻ "እሱን ጠርሙስ ለመሆኑ ማን ነው ጎማ ያለው?" እያለች ታስቀን ነበር።

ከዚያ ወዲያ የትኛውም መሸጫ ስሄድ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ስኮርታ አለው?" ሆነ። "አለው" ካሉኝ "አሳዩኝ" እላለሁ። በብዙ ስሪት ላይ የለም፤ በአንዳንዱ ተጨማሪ ከፍሎ የሚታዘዝ ነው። ኪራይን ግን በጣም እመክራለሁ። በሃያ ደቂቃ ሙከራ የማይታየው በሁለት ቀን ይታያል። ለምሳሌ ያንኑ መኪና ቤንዚን ስንቀዳ ልጄ ሽንት ቤት ልትሄድ የግራውን በር ብትጫን አልከፈት አለ። ተበላሸ ብለን ደነገጥን። የነዳጅ መቅጃው ክዳን በተንሸራታቹ በር መንገድ ላይ ስለሆነ ክዳኑ ክፍት ሳለ በሩ እንዳይገጨው ይቆለፋል። በቀኝ ወጣች።

ስክሪኑን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ የኋላ ቴሌቪዥኑን አልፌዋለሁ። ሁሉም አላቸው፤ ሁሉም በሦስት ዓመት ያረጃል። ከዚያ ሁሉ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ወደ ኋላ ዞሮ የታሰረውን ሕፃን ፊት ለፊት ስክሪን ላይ የሚያሳየው ካሜራ ነው። የኋላው በር ወደ ላይ ሲከፈት የምታቆሙበትን ጣሪያ እንዳይነካም ለኩ።

ታዲያ እንዴት ወሰንን? ሁለት ነገር አመዘነ። አንደኛው መንገዳችን ነው። በዓመት 25,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንነዳለን። በሊትር 15 በሚሄደውና ከዘጠኝ ብዙም በማያልፈው መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 1,000 ሊትር ገደማ ነው። ይህን ወረቀት ላይ ካሰላሁ በኋላ የሞተር ደስታ ወሬዬ ቀነሰ። ሁለተኛዋ እናቴ ናት። ለአራቱም አንድ ፈተና ሰጠቻቸው፤ ማንም ሳይደግፋት ገብታ፣ ተቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ማንም ሳይደግፋት መውጣት። ሲዬና ላይ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳብንላት። ምርኩዟን አስቀድማ ገባች፣ እጀታውን ያዘች፣ ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች። "ይኼ ነው" አለች፤ ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። በፊት ጎማ የሚነዳውን፣ የሰባት ሰው፣ ስኮርታ ያለውን ገዛን።

አዲስ መግዛት ካልፈለጋችሁና ወንበር የሚወጣበት ሲዬና ከተመኛችሁ ከ2021 በፊት ያሉትን እዩ። ባለ ስድስት ሲሊንደር ናቸው፤ መካከለኛው ወንበር ይወጣል፤ ነዳጅ ግን ይጠጣሉ።

የከፈልነውም አለ። ባለፈው ቤት ስንቀይር ፍራሾቹ ወንበሮቹ ላይ ተጋድመው ሄዱ። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ግን መካከለኛው ወንበር ጋር ደርሶ አልሄድ አለ። ፓሲፊካ ቢሆን ወንበሩን ወለል ውስጥ ከትተን እንጭነው ነበር። ለጓደኛዬ ደውዬ ፒክአፑን ተዋስኩ። ባለቤቴም ያን ቀን ሜትሩን ከመሳቢያ አውጥታ የመኪናው ኪስ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወዲያ ሳትለካ የምትገዛው የቤት ዕቃ የለም።